ዛሬ የማን ናት?

መምህር አሳምነው፣ ዓለም በአእምሮ ውስጥ ናት፣ ጊዜም የለም ስላለ አንድ ፈላስፋ መጽሐፍ ሲጽፉ ታይፒስታቸው እኔ ነበርኩ። የኔ አገር ከሳቸው አገር ተለይታ ነጻነት ከገባ ሁለተኛ ወሩ ነው። የአገራቸው ሰዎች ጠቅልለው ወደ አዲስ አበባ ሄደዋል፤ እሳቸው ግን እዚሁ ገጀረት ሰፈር ቤታቸው ተቀምጠው፣ «የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም» ይላሉ። ምዕራፉ ፈላስፋውን የሚተቹበት ነው። ሰውየውን ከመውደዳቸው የተነሳ ግን የሚተቹበት ነገር ጠፋቸው።

እኔ ደግሞ እንዲጠፋቸው እጸልይ ነበር። ምን እደብቃለሁ፣ እወዳቸው ነበር። ትናንት፣ ዛሬና ነገ እኛ የለጠፍናቸው ስሞች ናቸው የሚለውን ሲያስረዱኝ ይውሉና፣ ማታ ፌርማታው ላይ ቆሜ ሳስብ አውቶብሱ ጥሎኝ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው በዕድሜ አንዴ ቢገኝ ነው።

አንድ ማክሰኞ እያነበቡልኝ በታይፕ ስመታ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው አዩና ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ፍረወይኒ! ‹ሎሚ የለም፤ ሎሚ የአእምሮ ፍሬ ነው› ይላል እኮ! ሰውየውን አትክልት ነጋዴ አደረግሽው!»

በትግርኛ ሎሚ ማለት ዛሬ ነው። ገጹን ሙሉ «ዛሬ» ሲሉኝ «ሎሚ» እየመታሁ ኖሬያለሁ። አፈርኩ።

«ይቕሬታ መምህር፤ ዛሬ ሲሉኝ የኔዋ መጣችብኝ።»

ሳቃቸው ቆመ። «ምን አልሽ?»

«የኔዋ ዛሬ መጣችብኝ።»

ብድግ ብለው ይንጎራደዱ ጀመር። «ይኸው! ዛሬ ባለቤት አላት! ሰውየው ስሟን አይቶ የለችም አለ እንጂ የማን ናት ብሎ አልጠየቀም። ዓለሙን ሁሉ አእምሮ ካደረገ በኋላ፣ ‹ዛሬ› የሚለውን ሰው ረሳው! ጻፊ፣ ጻፊ!»

እስከ ምሳ ድረስ ሳያቋርጡ አስጻፉኝ። ሲነቅፉት እንኳ ያከብሩታል፤ ስሕተቱን ከማንሳታቸው በፊት እስከዚያ ድረስ ለማሰብ መድፈሩን ያመሰግናሉ። እንደዚያ ያለ ዐረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ መትቼ አላውቅም። ግን ገጽ በሞላ ቁጥር እጄ ይከብደኝ ነበር።

የመጨረሻውን አራት ነጥብ ስመታ፣ «የቐንየለይ» ብለው አመሰገኑኝ በሰባራ ትግርኛቸው። «ያስጨረስሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እወ፣ አዎ» አልኳቸውና ታይፑን ከደንኩት።

ሐሙስ ጠዋት ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። ያን ማክሰኞ ዛሬን ሎሚ ብዬ ባልሳሳት ኖሮ ክረምቱን እዚሁ በከረሙ ነበር።