ደረጃ የሌለው ቤት

«ከደረጃ ወድቄ ነው፣ ዶክተር።»

ይህን ያለችው የዛሬዋ ሐኪም እናት ነበረች። ሐኪሟ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጣ ሰምታለች። ዶክተሩ የመለሰው ጠፍቷታል፤ «አይዞሽ» ይሁን «ቅባቱን ሁለቴ»፣ እንጃ። አንድ ነገር ግን አልጠፋትም፦ ቤታቸው ደረጃ አልነበረውም። አባቷ ከእናቷ ጎን ቆሞ ነበር፤ ዶክተሩም አልጠየቀ።

ለዚህ ነው ዛሬ ከእሷ ክፍል አጃቢ የማይገባው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ እንኳ ሚስቱን ይዞ ሲመጣ በር ላይ ቀርቷል። ደንቡን የምታስከብረው «ጄኔራል» የሚሏት አንጋፋ ነርስ ናት።

«እኔ ባሏ ነኝ እኮ!» አለ አንዱ፣ ልብስ ሰፊ የሆነች ሚስቱን ክንዷን ጨብጦ።

«እኔም ነርሷ ነኝ፤ ተዋወቅን። በል ወንድሜ፣ መድኃኒት መስኮቱ ጋ ሄደህ ተሰለፍ።»

«መች ታዘዘላትና?»

«እስኪደርስህ ይታዘዛል።»

ልብስ ሰፊዋ ገብታ ያበጠ የእጅ አንጓዋን ዘረጋች። በሁለት ወር ሦስተኛ ጉዳቷ ነው፤ ቀድመው ያዩዋት ሐኪሞች ካርዷ ላይ «ወደቀች» ብለው አልፈዋል።

«ከደረጃ ወድቄ ነው፣ ዶክተር።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። በልቧ «አቤቱ፣ ምላሴን አቅናልኝ» አለችና፣ «እህቴ፣ እናቴም እንዲሁ ብላ ነበር፤ ቤታችን ግን ደረጃ አልነበረውም። እቤት የሚመታሽ ሰው አለ?» ስትል ጠየቀቻት።

ከዚያ የሴትየዋ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሐኪሟ መሃረብ ልታቀብላት ስትል፣ ለካስ እየሳቀች ነው።

«የኛም የለውም፣ ዶክተር! አንዲት ክፍል፣ እሷም ከመሬት እኩል!» ሳቋ መሃል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ባሌ ነው። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም እኮ።»

የሐኪሟም ሳቅና እንባ አብረው መጡ። ጄኔራል በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ታማሚ ናችሁ ወይስ ሠርገኛ?» አለች።

«ታላቅ እህት አለችኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሁሌ ‹ነይ› ትለኛለች፤ አፍሬ ነው።»

«ማፈርስ የመታው ይፈር» አለች ጄኔራል፣ ስልኩን እያቀበለቻት።

እህትየው ነገሩን ሁሉ በስልክ ሰምታ፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ በጓሮ በር፣ በልብስ ማጠቢያው በኩል ከች አለች። «የኔ ቤት እንኳ ሦስት ደረጃ አለው፤ እስቲ ትወድቂ እንደሆነ እናያለን!» ብላ እቅፍ አደረገቻት። ባልየው በወዲያኛው በኩል፣ አሥራ አራት ሰው ከፊቱ እንደተሰለፈ ነው።

ሐኪሟ ካርዱን አነሳች። «እውነቱን ልጻፈው? ካልፈቀድሽ አልጽፍም።»

ልብስ ሰፊዋ በደህናው እጇ የእህቷን እጅ ያዘች።

«ይጻፉት» አለች። «እኔም ከእሷ ጋር እሄዳለሁ።»