አርባ ስድስት «ገባን»

ቲቸር ጠመኔ ሃያ ሰባት ዓመት ሒሳብ ስታስተምር አንድም ቀን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ክፍል ገብታ አታውቅም። ብትለብስም እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነጭ መሆኑ አይቀርም። ቅጽል ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ተማሪዎቹ የማትሰማቸው መስሏቸው ነው የሚጠሯት፤ እሷ ግን ከሰማችው ቆይታለች፤ እንዲያውም ወድዳዋለች።

ከጠመኔው ሌላ የምትታወቅበት አንድ ልማድ ነበራት። ትምህርቱን ትጨርስና እጇን አራግፋ ወደ ክፍሉ ዞራ፣ «ገባችሁ?» ትላለች። ክፍሉም በአንድ አፍ «ገባን!» ይላል። መስኮቱ ይነዝራል። ያን ጊዜ ሆዷ ቅቤ ይጠጣል። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ተማሪ «አልገባኝም» ብሏት አያውቅም። ፈተና ላይ ሲወድቁ ታዲያ «አያጠኑም እኮ!» ብላ ትበሳጫለች። ምን ታድርግ፤ ገብቷቸው ነበራ!

ታብሌቶቹ ትምህርት ቤቱ የደረሱት ካቻምና ነው። ይሰበራሉ ተብሎ ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ከነካርቶናቸው ተቀመጡ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ዘንድሮ የኮምፒዩተር መምህሩ፣ ቀጭንና ችኩል ሰው፣ ሰባት ደብዳቤ ጽፎ አስፈታቸው። የሚረከባቸው መምህር ግን ጠፋ። አንዱ «ዐይኔን ያመኛል» አለ፤ ሌላው «ጡረታዬ ደርሷል»። «እስቲ አምጣቸው» ያለችው ቲቸር ጠመኔ ናት። የምታስተምረው ዘጠነኛ «መ»ን ነበር፤ ሰው በዕጣ እንጂ በፈቃዱ የማይገባበትን ክፍል። ከዚህ በላይ ምን ይመጣብኛል ብላ ነው።

ነገሩ ቀላል ነበር። ጥያቄው ከአራት ምርጫ ጋር በፕሮጀክተር ሰሌዳው ላይ ይበራል፤ ተማሪው ከታብሌቱ ላይ ሀን ወይ ለን ይነካል፤ ስንት ሰው ምኑን እንደመረጠ ሰሌዳው ያሳያል። ማን እንደመረጠ ግን አይናገርም።

በመጀመሪያው ቀን መቶኛን አስተማረች። አሳምራ አስተማረች፤ እጇን አራገፈች፤ «ገባችሁ?» አለች። «ገባን!» መስኮቱ ነዘረ።

«እስቲ አንድ ጥያቄ እንሞክር» አለ ከጥግ የቆመው የኮምፒዩተር መምህር። «ታንከር ውስጥ ያለ ውሃ በሃያ በመቶ ጨመረ። ከዚያ ከደረሰበት ላይ ሃያ በመቶ ቀነሰ። አሁን ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው፣ ይበልጣል፣ ያንሳል ወይስ አይታወቅም?»

መቶ ሊትር ቢሆን መቶ ሃያ ይሆናል፤ የመቶ ሃያ ሃያ በመቶው ሃያ አራት ነው፤ ሲቀነስ ዘጠና ስድስት ይቀራል። ያንሳል ማለት ነው። አሁን፣ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ያስተማረችው ነገር ነው። ከአርባ ስድስቱ ተማሪዎች አርባ አንዱ «እኩል» ብለው ነበር።

ቲቸር ጠመኔ ዐይኗን ማመን አቃታት። አርባ አንድ! ያ ሁሉ «ገባን» ከአንገት በላይ ኖሯል። የዛሬው ብቻ ነው ወይስ የሃያ ሰባቱም ዓመት? ይህን ስታስብ ወንበሩን ፈልጋ ተቀመጠች። ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም ነበር።

ማታ እራት ላይ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እጁ እንጂ ቀልዱ ጡረታ አልወጣም የሚባልለት፣ ቤት ውስጥ እሷ የምታወራውን ሁሉ «ገባኝ፣ ገባኝ» እያለ የሚሰማ ሰው። ስትጨርስ እንደልማዱ «ገባኝ» አለ።

«ምኑ ገባህ?»

ባሏ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እውነቱን ልንገርሽ? ግማሹ አልገባኝም።»

«ታዲያ ገባኝ የምትለው ምን ሆነህ ነው፣ አንተ ሰውዬ?»

«አልገባኝም ካልኩሽ ትደግሚዋለሻ! በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ቃል፣ ትንሽ ጮክ አድርገሽ። ሰው ምን በወጣው! ገባኝ ይልና ይገላገላል።»

መጀመሪያ ተናደደች። ሳህኑን አነሣች፤ ውሃውን ከፈተች፤ አጠበች። ሦስተኛው ሳህን ላይ ስትደርስ ሳቋ መጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ትሰማለች፤ ምላስም ባዳ መሆኑን ግን ገና ዛሬ ማወቋ ነው።

ከማግስቱ ጀምሮ አካሄዷን ገለበጠችው። ጥያቄው ከትምህርቱ ቀድሞ ይመጣል። ሁሉም ለብቻው ይመርጣል። ሰሌዳው ላይ የተበታተነ መልስ ሲታይ እሷ ትክክለኛውን አትናገርም፤ «ከአጠገባችሁ ካለው ጋር ተሟገቱና አሳምኑት» ትላለች። ሦስት ደቂቃ። ከዚያ እንደገና ይመርጣሉ። ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ ምክንያቱን የምታስተምረውም ያን ጊዜ ነው፤ ሁሉም ሊሰማት በጓጓበት ሰዓት። እንቅልፋሙ ዘጠነኛ መ መንጫጫት ጀመረ። ምክትል ዳይሬክተሩ ሁለቴ በሩን ከፍቶ «ምንድነው፣ ገበያ ነው እንዴ?» አለ። «አዎ» አለችው ሽንጧን ገትራ፣ «ሒሳብ እየተሸጠ ነው።»

ቀልዱ አልጣመውም መሰለኝ፣ ነገሩ ወደ ላይ ወጣ። በሁለተኛው ወር ዳይሬክተሩ አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ አለቃውን የሚፈራ ሰው ነው እንጂ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቁልፍ ነበር።

«ሐሙስ ገምጋሚ ይመጣል» አላት። «አዲሱ አካሄድ ይሠራል ካሉ ክፍሉም ታብሌቶቹም ከእርስዎ ጋር ይቀጥላሉ። ካልሆነ ታብሌቶቹ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ዘጠነኛ መን ሌላ መምህር ይይዛል። ለእርስዎ... ቤተ መጻሕፍቱ ሰው ይፈልጋል። ዕረፍትም ነው እኮ።»

ቁልፉ የቤተ መጻሕፍቱ ነበር። ቲቸር ጠመኔ መጻሕፍት ትወዳለች፤ መጻሕፍት ግን አይሟገቱም። ከዚያ ክፍል መውጣት አልፈለገችም። ሥራዋን ገና አሁን ስትጀምረው!

ወሬው ዘጠነኛ መ ለመድረስ አንድ እረፍት እንኳ አልፈጀበትም።

ሐሙስ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ገምጋሚዋ መጡ፤ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ፣ ማስታወሻ ደብተር የያዙ፣ ፊታቸው የማይነበብ ሴትዮ። ከኋላ ከዳይሬክተሩ ጎን ተቀመጡ። ቲቸር ጠመኔ አንድ ትርፍ ታብሌት ሰጠቻቸው፤ «ከፈለጉ ይሳተፉ፣ ማን እንደመለሰ አይናገርም።»

የመጀመሪያውን ጥያቄ አበራች። የሬሾ ጥያቄ ነበር፤ ተንኮለኛ። ልጆቹ ታብሌታቸው ላይ አጎነበሱ። ከፊት ወንበር የክፍሉ አለቃ ሦስት ጊዜ አሳለች። ልጆቹ «ጠቅላይ» ነው የሚሏት፤ አንድም ጥያቄ ተሳስታ የማታውቅ፣ ተሳሳተች መባልን ከሞት የምትፈራ ልጅ።

ሰሌዳው በራ። አርባ ስድስት ሰው፣ ሐ። አርባ ስድስቱም ልክ።

ገምጋሚዋ ታብሌታቸውን ሳይነኩ ጻፉ። ዳይሬክተሩ ፊቱ በራ፤ ጥርሱ ሁሉ ታየ። ቲቸር ጠመኔ ግን ቁጥሩን ደግማ አነበበችው። በሁለት ወር ውስጥ በመጀመሪያው ምርጫ ከሃያ አምስት ያለፈ ትክክለኛ መልስ አይታ አታውቅም። ወደ ልጆቹ ዞረች። እጃቸውን አጣምረው እንደ መላእክት ተቀምጠዋል። ዘጠነኛ መ እጁን አጣምሮ! ሦስት ሳል፣ ሦስተኛው ፊደል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው ተማክረው እሷን ሊያድኑ ነበር።

ዝም ብትል ያልቅ ነበር። ክፍሉም የእሷ፣ ታብሌቱም የእሷ። ልቧ ደግሞ እንዴት ወደዳቸው፤ እነዚህ ልጆች ለማንም ብለው አስለው አያውቁም። ግን ይሄ ምንድነው? ያው «ገባን» ነው፤ በሦስት ሳል የተባለ «ገባን»። ይሄን ይዛ ከምትቀጥል ቁልፉን ብትቀበል ይሻላታል።

«ይቅርታ እመቤቴ» አለች ወደ ኋላ፣ «እሱን አይጻፉት። መልሱ የአንድ ሰው ነው።»

የዳይሬክተሩ ጥርስ ተሰበሰበ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ለእኔ ብላችሁ ነው፤ አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው። «ግን እናንተ ስትሳሳቱ ነው እኔ ሥራ የማገኘው። ጠቅላይ፣ ታብሌትሽን ይዘሽ ነይ፣ ሰሌዳው ጋ ቁሚ፤ ጉሮሮሽ እዚህ ይሻለዋል።»

ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ መጣች፤ ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር ጠመኔ የኮምፒዩተሩን ጥያቄ ተወችና አዲስ በጠመኔ ጻፈች። ጥያቄው የባሏ ነው፤ ሠላሳ ዓመት በወገቡ የተማረው።

«አንድ አውቶቡስ በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር እየነዳ ሄደ። በዚያው መንገድ በሰዓት አርባ እየነዳ ተመለሰ። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? ሀ፣ አርባ ስምንት። ለ፣ ሃምሳ። ሐ፣ ሃምሳ ሁለት። መ፣ አይታወቅም።»

የሚያስል ጠፋ። ሰሌዳው ሲበራ ሠላሳ ሦስት ሰው «ሃምሳ» ብሎ ነበር። ገምጋሚዋ ብዕራቸውን አነሡ። ዳይሬክተሩ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ሲነካካ ይሰማል። ቲቸር ጠመኔ ግን እጅጌዋን ሰበሰበች፤ አሁን የምታውቀው ቤት ገብታለች።

«ተሟገቱ!»

ክፍሉ ፈነዳ። «ሲመለስ እኮ ቀስ ነው ያለው!» «ቢሆንስ? መንገዱ ያው!» «መንገዱ ያው፣ ሰዓቱ ግን ያው ነው?» አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ በእጁ ይነዳል። ሌላው «መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር በሉት፤ ሲሄድ ሁለት ሰዓት፣ ሲመለስ ሦስት» ብሎ ደብተሩን ጎረቤቱ አፍንጫ ሥር ያቀርባል። ገምጋሚዋ ከኋላ ወደ ፊት ወንበራቸውን እየጎተቱ መጡ፤ ለመስማት ነው።

ሁለተኛው ምርጫ በራ። ሠላሳ ስምንት ሰው «አርባ ስምንት» አለ። ልክ ነው፤ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር በአምስት ሰዓት። ቲቸር ጠመኔ ምክንያቱን በሁለት መስመር ጻፈችው፤ እጇን አራገፈች፤ ከደስታዋ ብዛት የድሮው ልማድ ከአፏ አመለጠ።

«ገባችሁ?»

ክፍሉ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ከአጠገቧ፣ ከሰሌዳው ሥር፣ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ቲቸር... እኔ አልገባኝም።»

ጠቅላይ ናት። ዐይኖቿ እንባ ቋጥረዋል፤ ግን አንገቷን አልደፋችም። «ሁለቴም ሃምሳ ነው ያልኩት» አለች፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሃያ ሰባት ዓመት! ቲቸር ጠመኔ ከኪሷ ጠመኔ አወጣችና ለልጅቷ ሰጠቻት።

«የቱ ጋ ጠፋሽ? ጻፊልኝ።»

«ስልሳና አርባን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ለምን እንደማይሆን...»

«እኔም እዚያው ጋ ነኝ» አሉ ገምጋሚዋ። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጉታል። «ቢደገምልኝ ደስ ይለኛል። እርስዎም ዳይሬክተር፣ ያንን ቁልፍ ማንቃጨሉን ይተዉልንና እንስማ።»

ዳይሬክተሩ እጁን ከኪሱ አወጣ።

ማታ ባሏ በር ላይ ጠበቃት። ቀሚሷ ከትከሻ እስከ ጉልበት ነጭ ነው።

«እንዴት ሆነ? ክፍሉ?»

«ክፍሉማ የኔ ነው፤ ሴትዮዋ እዚያው ነገሩኝ። እሱን ተወው!» አለች፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። «አልገባኝም አሉኝ እኮ! ልጅቷም፣ ገምጋሚዋም፣ ፊት ለፊት፣ አልገባኝም!»

ሹፌሩ የሚስቱን ፊት አየ። እንዲህ ሲበራ ካየው ስንት ዘመኑ ነው። ወንበር ሳበላት፤ ራሱም ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«አልገባኝም» አላት። «ከመጀመሪያው ድገሚልኝ።»