የሟቹ ርግቦች

«ከመቃብሩ አፍ ላይ ይልቀቋቸው፤ ደስ ይበላቸው» አለች የሟቹ ሚስት ሄድቪግ፣ የቅቤ ኬኩን እየቆራረጠች። «አንተ ደግሞ እዚህ ጓሮ ሆነህ ተቀበላቸው። ሲገቡ አንድ በአንድ አንገታቸውን ጥምዝዝ።»

ጎረቤቷ ጋይዳ ከአሁኑ እጁን በሱሪው ጠረገ። «ይህ ሁሉ ርግብ! እስከ ገና ድረስ ሾርባ ነው በይኛ።»

የልጅ ልጇ ማሪታ የቡና ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። የአያቷ የኤቫልድ መቃብር ገና አልተቆፈረም። በዚህ የከሰል ከተማ ርግብ አርቢ ሲሞት ማኅበርተኞቹ ርግቦቹን በቅርጫት አድርገው ከሬሳው ጋር ይወስዳሉ፤ አፈር ሲለብስ ይለቋቸዋል። ርግቦቹ ከለቀስተኛው ቀድመው ቤታቸው ይገባሉ። ሰዉም ሰማይ ሰማይ እያየ እንባውን ይጠርጋል።

«ጥቁሩ ርግብ፣ ጥላሸት፣ የኔ ነው» አለች ማሪታ። «ኦፓ ሰጥቶኛል።» ወንድ አያቷን ኦፓ፣ ሴት አያቷን ኦማ ነበር የምትለው።

«ኦፓሽ የሰጠሽ ነገር ሁሉ ከሱ ጋር ይቀበራል። ሂጂ ቡናውን ቅጂ፤ ቀዘቀዘ።»

ሄደች። ምን ታደርግ! ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ወንዶቹ መቶ ዓመት ሙሉ ከሰል ፍለጋ የቤታቸውን ሥር ሲቦረቡሩ ስለኖሩ የሠፈሩ ቤት ሁሉ አንድ ጎኑ ሰምጧል። ሲኒ እስከ አፉ የሚሞላ ሰው እንግዳ ነው፤ የሠፈሩ ልጅ አንድ ጣት አጉድሎ ይቀዳል። ማሪታ ዛሬ ሆነ ብላ ጢም አድርጋ ሞላች። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጭን ላይ ሲፈስ «ይቅርታ፣ ቤቱ ነው» አለች።

ሰውየው ሱሪውን እያራገፈ ወሬውን ቀጠለ። «ኤቫልድ እኮ ቀጥ ያለ ሰው ነበር። ለወለደው ልጅ እንኳ አላዳላም።»

«አላዳላም!» አለች አንዲት አሮጊት በሹክሹክታ፣ ኬኳን እየዋጠች። «እንደሱ ከማያዳላ አባት ይሰውረኝ።»

ማሪታ ያን ቀን ታስታውሰዋለች። ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ እሷን ስትወልድ ሞታ፣ አባቷ አኺም እዚሁ ቤት ይኖር ነበር፤ ከኤቫልድ ሥር ከሰል ቆፋሪ ነበር። ጉድጓዱ መክሰር ሲጀምር አለቆቹ የቡድን መሪውን ኤቫልድን «ከቡድንህ ውስጥ የሚቀነሱትን ስም ጥራ» አሉት። መጀመሪያ የጠራው የገዛ ልጁን ስም ነው። ራት ላይ አኺም ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔን?»

«አንተን ባስቀር ሠፈሩ ምን ይለኛል?»

«ልጅህ እኔ ነኝ ሠፈሩ?»

«ድንቹን አቀብለኝ» አለ ኤቫልድ።

አኺም ድንቹን አቀበለው። ከዚያ ተነስቶ ሻንጣውን ሸከፈ፤ ልጁንም ኮት ሊያለብሳት ሲል ኤቫልድ እየበላ «ሥራ የሌለው ሰው ልጅ አንጠልጥሎ የት ይደርሳል? እሷ እዚህ ትጠብቅህ» አለው። አኺም ኮቱን መልሶ ሰቀለው። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ጉድጓዱ ጭራሹኑ ተዘጋ። ያላዳላው ኤቫልድም፣ የተዳላላቸውም፣ ሁሉም ቤታቸው ገቡ። ዛሬ የሚሠራው ውኃ መሳቢያው ብቻ ነው፤ እሱ ከቆመ ከተማው ኩሬ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ኤቫልድ ከርግቦቹ ጋር ዋለ። ማሪታንም ሙያውን አስተማራት። ወንዱን ከሚስቱ ትለዪዋለሽ። ከውድድሩ በፊት ለአፍታ ታሳዪዋለሽ፤ ጠጋ ሲል ትነጥቂውና ቅርጫት ውስጥ ትከቺዋለሽ። ሩቅ አገር ሲለቁት ሌላውን ሁሉ ጥሎ ወደሷ ይከንፋል። ኤቫልድ ሰዓቱን ይዞ አንጋጦ ይጠብቃል። ጥላሸት ሁሌም አንደኛ ነበር። ጥቁር፣ ኩሩ፣ ከማሪታ መዳፍ ካልሆነ የማይበላ። እሷም «ኦፓ፣ ይህ እኮ ግፍ ነው» እያለች ትስቅ ነበር፤ እሱም «ግፍ ባይሆን መች ይፈጥናል!» ይላት ነበር።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ሄድቪግ የማሪታን ጥቁር ቀሚስ ከኋላ ስትቆልፍላት ማሪታ አላስችላት አለ።

«ኦማ፣ ርግቦቹ ምን አደረጉሽ?»

«ይመለሳሉ።»

«እና?»

«እናማ ሽማግሌው ዘጠኝ ዓመት ሰማይ ላይ ሲያፈጥ፣ እኔ መንገዱን ሳይ ኖርኩ።» አንድ ቁልፍ ቆለፈች። «አንቺን ለምን ያስቀረሽ ይመስልሻል? ወዶሽ? ‹እንስቷን ከያዝኩ ወንዱ የትም አይሄድም› አለኝ። እዚችው ወጥ ቤት ውስጥ። እየሳቀ።»

ማሪታ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች። «ግን አባባ አልመጣም።»

«መጥቷል።»

«መቼ?»

«በሄደ በዓመቱ። አጥሩ ጋ ቆሞ ‹እናቴ፣ ልግባ› አለኝ። ድንጋይ አነሳሁ። እግሩን ነበር ያለምኩት፤ ቅንድቡን አገኘሁት።» ሌላ ቁልፍ። «ቢገባ ኖሮ ሽማግሌው ሰዓቱን አይቶ ‹አላልኩሽም?› ይለኝ ነበር። ልጄ ርግብ ሲሆንለት ከማይ ዕድሜ ልኬን ባላየው ይሻለኛል።»

«እኔስ ኦማ? እኔስ?»

ሄድቪግ የአንገቱን ቁልፍ ጠበቅ አድርጋ ቆለፈች። «አንቺማ እህልሽን ትበዪ ነበር።»

ቀብሩ ላይ አሮጌዎቹ ከሰል ቆፋሪዎች የክብር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ላባ ያለበት ባርኔጣቸውን ደፍተው ተሰለፉ። በወጉ እያንዳንዱ ሰው መቃብሩ ውስጥ አንዳንድ የከሰል ድንጋይ ይጥላል። የማሪታ ተራ ደረሰ። ከሰሉን ጨብጣ ሳጥኑን አየችው። ከዚያ ከሰሉን ኪሷ ከተተችው። ሰዉ ተንሾካሾከ፤ ይንሾካሾክ!

ሊቀመንበሩ ቅርጫቱን ሊከፍት ሲያጎነብስ ክንዱን ያዘችው። «ጥላሸትን ይተዉልኝ። እባክዎ። ጋይዳ ቆሞ እየጠበቃቸው ነው፤ አንገታቸውን ሊጠመዝዝ።»

እሱ ጫማውን አየ። ከጎኑ የቆሙትም ጫማ ጫማቸውን አዩ። ለካ ሁሉም ያውቃሉ!

«ታዲያ ማን ያበላቸዋል፣ ልጄ?» አለና ክዳኑን ከፈተው።

ርግቦቹ እንደ ጭብጨባ ወጡ። አንዴ ዞሩ። ጥላሸት ከፊት ነበር። ሙዚቀኞቹ መንፋት ጀመሩ፤ ሴቶቹ መሐረብ አወጡ። ማሪታ ቀሚሷን ሰብስባ በመቃብሮቹ መሃል ሮጠች። ርግብን በእግር ማን ይቀድመዋል! ያውም በቀብር ጫማ።

ጓሮ ስትደርስ ባልዲው ሞልቷል። ጋይዳ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ ላባ ተለጥፎበት፣ እንደ ሙሽራ ፈገግ አለላት።

«አንዱ ቀርቶኛል። ያ ጥቁሩ። ነፋስ ወስዶት መሰለኝ፣ አልመጣም።»

ማሪታ ሰማዩን አየች። አልመጣም። አምላኬ፣ አይምጣ!

ጋይዳ የበቆሎውን ጣሳ አስጨበጣት። «እኔ አንድ መለኪያ አረቄ ልቅመስ። ከመጣ ይህን አንኮሻኩሺለት፤ ድምፁን ሲሰማ ይወርዳል። ከዚያ ጥሪኝ። አንቺን ያምናል አይደል?»

ለቀስተኞቹ ተመልሰው ሳሎኑን ሞልተውታል። ከቀብር በኋላ አረቄ ሲገባ ሁሌም እንደሚሆነው፣ ሳቅ ተጀምሯል። ርግብ ቤቱ ውስጥ እሱን እንድትስብ የቀረችው የጥላሸት ሚስት ብቻዋን ታጉረመርማለች። የመስኮቱ መጋረጃ ተነቃነቀ፤ ሄድቪግ ናት፣ ቆማ ታያለች።

ያን ጊዜ ጣሪያው ላይ ኮሽ አለ።

ጥላሸት ነው። አንድ ክንፉ ትንሽ ዝቅ ብሏል። አንገቱን ሰበቅ አድርጎ ማሪታን አየ፤ ወዲያው ወደ ሚስቱ ድምፅ አንድ እርምጃ ወረደ። ከዚያ ሌላ።

ማሪታ ጣሳው እንዳይንኮሻኮሽ በሁለት እጇ ደግፋ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። እጇን ኪሷ ከተተች። ከሰሉ ሞቋል።

«ሂድ» አለችው በሹክሹክታ። «ሂድ፣ አንተ ደደብ!»

አልሄደም። እሷን ያምናል።

እግሩን አለመችና ወረወረች። ከሰሉ ጥፍሩ ሥር ካለው ሸክላ ላይ አርፎ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጥላሸት ተነሳ፤ ከጭስ ማውጫው በላይ ዞረ፤ ደግሞም ዞረ፤ ወደ ጣሪያው ማዘንበል ጀመረ።

ማሪታ አጎንብሳ ትልቁን ግማሽ አነሳች።