ያልመጣ ማሽን ምስጋና

ልጆቼ፣ የሰፈራችንን ልማድ ሳታውቁ ይህን ነገር ብነግራችሁ ማሚቴን ሞኝ ትሏታላችሁ። ሞኝ አልነበረችም። ስለዚህ ከውኃው ልጀምር።

ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ፈረቃው የተዘለለ እንደሆነ መስመሩን ወደሚከፍተው ሰውዬ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው ሄዶ «ውኃ ክፈትልን» አይልም። እንዲያ ያለ እንደሆነ ሰውየው «አይሆንም» ለማለት ይመቸዋል። ይልቅ «ዛሬ ውኃ ስለከፈትክልን ልናመሰግንህ መጣን፤ እጅህ ይባረክ፤ ልጆችህ ይደጉልህ» ይባላል። ሰውየው ገና ቁልፉን አልነካም። ግን በሰው ፊት ተመርቆ፣ ተመስግኖ እንዴት አድርጎ ባዶ እጃቸውን ይመልሳቸው? ያፍራል። ይነሣና ይከፍታል። ቤት ኪራይ እንዳይጨመርብን ስንፈልግም እንዲሁ ነው፤ ለልጅ ሥራ ስንፈልግም እንዲሁ። አስቀድሞ ማመስገን የእኛ ልመና ነው። ከአያቶቻችን ጀምሮ ሠርቶልን ኖሯል። የሚሠራው ግን የሚያፍር ሰው ሲገኝ ነው።

ማሚቴ ታክሲ መያዣው አጠገብ ጉልት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። ባሏ ኪሩ ሸማኔ ነበር፤ በእድራችን የእሱን ጋቢ ያልለበሰ ሽማግሌ የለም። በኮሮናው ጊዜ ታሞ ሆስፒታል ገባና በሕይወት ወጣ፤ ሳንባውን ግን እዚያው ጥሎት የመጣ ይመስል ነበር። መጀመሪያ መወርወሪያውን ትንሽ ወርውሮ ማረፍ አመጣ። ኋላ ጨርሶ ከመሸመኛው ጉድጓድ ወጣ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ሲጠና ከንፈሩ ይጠቁራል። ያኔ ተሸክመን ጤና ጣቢያ እናደርሰዋለን። ነርሷ ሲስተር ሙኒያ ቀና አድርጋ ታስቀምጠዋለች፣ ጀርባውን ታሻዋለች፣ አምቡላንስ ትጠራለች። ሌላ ምን አላት?

አንድ ቀን ማሚቴን ወደ ጎን ወሰደቻት።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። መብራት ላይ ተሰክቶ ኦክስጅን የሚያወጣ ማሽን አለ። ትንሽ ነው፣ የዱካ ያህል። እሱ ቢኖረን ጋሽ ኪሩ ሲጨንቃቸው እዚሁ እናሳልፋቸዋለን። ካልሆነ ግን አንድ ቀን አምቡላንሱ ሳይደርስልን ይቀራል።»

በዚያው ሰሞን ወሬ መጣ። ወረርሽኙ ለጎዳቸው ሰፈሮች ማገገሚያ ተብሎ ከፌዴራል መንግሥት ለከተማው ገንዘብ ተሰጥቷል፤ ለእኛም ወረዳ ድርሻው ደርሷል፤ በምን ላይ እንደሚውል ነዋሪው ራሱ ይወስናል ተባለ። ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ የሲስተር ሙኒያ ማሽን ነው። ሌላው የሰፈሩ መግቢያ ላይ የሚቆም ትልቅ የብረት በር፣ ከነእጅ መታጠቢያው። ለሁለቱ አይበቃም፤ አንዱን ምረጡ ተባልን።

ጉዳዩን የያዘው የወረዳው ሰው ያዕቆብ ይባላል። የእኛው ልጅ ነው። አባቱንም እናቱንም እኛ ነን የቀበርናቸው። ማሚቴ ጉልት ሥር ቁጭ ብሎ እሷ የምትዘግንለትን ቆሎ እየቃመ ነው ያደገው። ስለዚህ ሁላችንም ልባችን አረፈ።

ከስብሰባው በፊት የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ አጥናፉ እነ ማሚቴ ቤት መጡ።

«ነገ የምትናገሪው አንቺ ነሽ» አሏት።

«እኔ? ምን አውቄ?»

«ማወቅ አይፈልግም። እንደ ውኃው ነው። ማሽኑ መጥቶልናል ብለሽ አመስግኚ። ሰው በሞላበት፣ ካሜራ በቆመበት ከተመሰገነ በኋላ ወዴት ይሸሻል?»

ኪሩ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። መሳቅ ትንፋሹን ስለሚጨርስበት በዓይኑ ነው የሚስቀው። «እሷን እንኳ... ማመስገን... ማስተማር አያስፈልግም» አለ እየቆራረጠ። «ስንጋባ... ጥጡ ገና ሳይፈተል... ለጋቢው አመስግናኛለች።»

«ታዲያ ሸምነህ አልሰጠኸኝም?»

«ምን ላድርግ... አሳፈርሽኛ።»

በማግስቱ የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ሞላ፤ የፊት ረድፉን ከከተማው የመጡ እንግዶች ያዙት። ጋሽ አጥናፉ መረቁ፤ አሜን አልን። ማሚቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና ማይኩን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ያዘችው።

«መንግሥታችንን አመሰግናለሁ» አለች። ድምፁ ከላይ ሲመለስባት ደንገጥ አለች፤ ግን ቀጠለች። «ለጤና ጣቢያችን የመተንፈሻ ማሽን አምጥታችሁልናል። ባሌ ኪሩ ትንፋሹ ተመልሶለታል። ሌሊት እንቅልፍ ይተኛል። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። አቶ ያዕቆብ፣ የእናትዎን ነፍስ በገነት ያኑርልን፤ ለእኛ እንዳዘኑልን እግዜር ይዘንልዎት!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ሁላችንም ወደ ያዕቆብ አየን። አንገቱን ሲደፋ ለማየት ነው እኮ።

አልደፋም። ፈገግ ብሎ ወደ ካሜራ ባለሙያው ዞረና «ያዝከው?» አለ። ያኛው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ ማሚቴ፣ እናመሰግናለን» አለ ያዕቆብ። «እንግዲህ ከራሳቸው አንደበት እንደሰማችሁት የጤናው ጥያቄ መልስ አግኝቷል። የሚቀረን የሰፈሩ በር ነው።»

ሲስተር ሙኒያ ከኋላ ብድግ አለች።

«የምን ማሽን? ጤና ጣቢያው ውስጥ ምንም ማሽን የለም!»

«ሲስተር፣ እናታችንን ውሸታም እያልሻቸው ነው?»

«አላልኩም፤ እሳቸው ማለት የፈለጉት...»

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? በዚህ እድሜያቸው?»

ሙኒያ ማሚቴን አየቻት። ከዚያ ቁጭ አለች። ከጎኔ ያለው ባለሱቁ ሸፊ «ኧረ ይሄ ሰውዬ!» ብሎ ሊነሣ ሲል ከኋላ በጃኬቱ ጎተቱት። ማሚቴም ልትነሣ ነበር። ጋሽ አጥናፉ ነጠላዋን ይዘው፣ «ተይ፣ በሰው ፊት አታዋርጂው። ለእንግዶቹ ብሎ ነው፤ ኋላ በጓዳ ይሰጠናል» አሏት። የምታከብራቸው ሽማግሌ ናቸውና ተቀመጠች።

«በሩ ይሠራ የምትሉ?» አለ ያዕቆብና መልሳችንን ሳይጠብቅ ራሱ ማጨብጨብ ጀመረ። የፊት ረድፉ ተከተለው። ከዚያ መሐሉ፣ ከዚያ ኋላው። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ልጆቼ፣ ማሚቴም አጨበጨበች።

በነጋታው ወረዳ ሄደች። ሸፊና እኔም አብረናት ገባን። ያዕቆብ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሳበላት።

«ልጄ፣ ማሽኑ መቼ ይመጣል?»

«የትኛው ማሽን?»

«ያመሰገንኩህ ነዋ!»

«እትዬ፣ ላልመጣ ነገር የሚያመሰግን ሰው አለ?»

«አንተ ልጅ! የሰፈርህን ወግ አታውቀውም? እናትህ አንተን አዝላ ስንቴ ለውኃው አብራን ሄዳለች! ስንቴ መርቃ አስከፍታለች!»

«አውቀዋለሁ» አለ። ድምፁ እንኳ አልተለወጠም። «ጠንቅቄ ነው የማውቀው። ሪፖርት ላይ የሚገባው ግን እኔ የማውቀው አይደለም፤ እርስዎ ያሉት ነው። ቪዲዮው ወደ በላይ ሄዷል። በጣም ነው የወደዱት።»

ሸፊ ጠረጴዛውን መታው። «ሰውየው ሊሞት ነው እኮ!»

«ሸፊ፣ ረጋ በል። ማሽን አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ማን ያየዋል? ማን መጥቶ ይመርቀዋል? በሩን ግን በታክሲ የሚያልፈው ሁሉ ያየዋል። ሰፈሩ ይታወቃል። ለሱቅህም ጥሩ ነው።» ወደ ማሚቴ ዞረ። «ጋሽ ኪሩን ሰላም በሉልኝ። የሠሩልኝ ጋቢ እስካሁን አለ። እንዴት እንደሚሞቅ!»

ስትወጣ በሩን የከፈተላት እሱ ነው። ኪሩ ቤት ሆኖ ይጠብቃት ነበር።

«ምን... አለሽ?»

«ይመጣል አለኝ።»

ዓይን ዓይኗን አያት። «እሰይ» አለ። «አመስግኚልኝ።»

የሰው ነገር አይገርማችሁም? ያን ቀን አብሯት ያጨበጨበው ሰው ውሎ አድሮ በእሷው ላይ ተነሣ። «ማሽናችንን በምላሷ በላችው» አሉ። ጉልት ላይ ጎን ለጎን የምትሸጠው ሴት ሳትቀር ሰው ባለበት ጠብቃ፣ «ማሚቴ፣ ማሽንሽ እንዴት ዋለ? መብራት አልጠፋበትም?» ትላታለች። ይሳቃል። ማሚቴ ሽንኩርቷን ትደረድራለች። መደቧን ወደ ታች ማዞር ፈልጋ ነበር፤ ግን ከዚያ ሆና ኪሩ ከቤት ቢጠራት አትሰማም።

ክረምቱ ሳይወጣ በሩ ቆመ። የብረት ቱቦ ነው፤ ቀለም ተቀብቶ ላዩ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ተብሎ ተጽፎበታል። እጅ መታጠቢያው ነጭ ሴራሚክ ለበሰ፤ ቧንቧው ግን ከየትም መስመር አልተገናኘም። ኪሩ ፀሐይ ሊሞቅ ደጅ ወጥቶ ቁልቁል ተመለከተው።

«ለመኪናው... መግቢያ ሠሩለት» አለ። «አየሩ ግን... በየት ይግባ?»

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ትንፋሹ ጠፋ። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ሲስተር ሙኒያ አቅፋ ቀና አደረገችው፤ በአንድ እጇ ስልክ ይዛ «የት ደረሳችሁ?» ትላለች፤ እነሱም «መንገድ ላይ ነን» ይሏታል። ኪሩ ዓይኑን በክፍሉ ውስጥ ያዞራል። ጥጉን ያያል፣ ጠረጴዛው ሥር ያያል። የሚፈልገውን ያወቀችው ማሚቴ ብቻ ናት። የማሚቴን ጣት ያዘ።

«መጣ?» አላት።

«መጣ» አለችው።

«ታዲያ... ይሰኩት።»

ሙኒያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አምቡላንሱ ሲደርስ ኪሩን ነጠላ አልብሰነው ነበር።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። ከቤቱ ወደ መድኃኔዓለም የሚወስደው መንገድ በዚያ በር ሥር ነው የሚያልፈው። የበሩ ምረቃም በዚያው ቀን ኖሯል። አስከሬኑን ተሸክመን ስንወርድ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ በሩ ላይ ሪቫን ተወጥሯል። ሞንታርቦው ይጮኻል። ትልቅ ስክሪን ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ማሚቴ ናት፤ ማይኩን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ባሌ ኪሩ ትንፋሹ ተመልሶለታል» ትላለች። «ሌሊት እንቅልፍ ይተኛል።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ።

«አጥፉት!» ብሎ ጮኸ ሸፊ። «ኪሩ ይኸው! ሳጥኑ ውስጥ ያለው እሱ ነው!»

ባለሞንታርቦው ያዕቆብን አየው። ያዕቆብ በእጁ ዝቅ አድርገው አለው። ድምፁ ተቀነሰ፤ ምስሉ አልቆመም።

ሪቫኑን የሚቆርጡት ትልቅ ሰው ገና አልደረሱም። ስለዚህ በበሩ ማለፍ አይቻልም ተባለና ሳጥኑን በጎን፣ በእጅ መታጠቢያውና በአጥሩ መካከል አሳለፍነው። ጠባብ ነው። የሳጥኑ ጠርዝ ሴራሚኩን ነካው።

«ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ!» አለ አንዱ ከእንግዶቹ። ለሴራሚኩ ነው።

ያዕቆብ ወደ ማሚቴ መጣ። ለበዓሉ የአገር ልብስ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ የኪሩን ጋቢ ጣል አድርጓል። ዝቅ ብሎ እጅ ነሣት።

«እትዬ፣ እግዜር ያጥናዎት።»

ሁላችንም ቆምን። ጋሽ አጥናፉ መሬት መሬቱን ያያሉ። ሸፊ ጥርሱን ነክሷል። ማሚቴ ያዕቆብን አላየችውም፤ ጋቢውን ነው ያየችው። እጇን ሰደደችና ጫፉን፣ ኪሩ ዘርፉን የቋጠረበትን ቦታ፣ በጣቶቿ ዳበሰችው። ትተፋበታለች ስንል፣ ትገፈዋለች ስንል፣ ያ እድሜዋን ሙሉ የለመደ አፏ ብቻውን ተከፈተ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለች።

ያዕቆብ ወደ ኋላው፣ ወደ ካሜራ ባለሙያው ዞረ።

«ያዝከው?»