አውሮፕላን የሌለበት ኤርፖርት

«ላዳዋን ልግዛት አላልኩህም እኮ!» አሉ እትዬ ሸዋርካብሽ፣ የታክሲውን በር መልሰው እየዘጉ። «ኤርፖርት አድርሰኝ ነው ያልኩህ።»

ጭድ ተራ የቆሙት ባለላዳዎች ሳቁ። ጁነዲን ግን አልሳቀም። ከጠዋት ጀምሮ አንድም ሰው አልጫነም፤ አሁን ደግሞ መሣቂያ ሆነ።

«እማማ፣ መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል፤ ቤንዚኑም እንደሚያውቁት ነው። ትንሽ ልቀንስልዎት?»

«ተወው ልጄ። ያ ሚኒባስ ኤርፖርት እያለ አይደል?»

እውነትም ማዶ የቆመው ረዳት «ኤርፖርት! ኤርፖርት! ሁለት ሰው!» እያለ ይጮኻል። እትዬ ሸዋርካብሽ ሻንጣቸውን እየጎተቱ፣ በላስቲክ የተሸፈነውን ነጭ ቬሎ እንደ ሕፃን ታቅፈው ወደዚያው ሄዱ። ከአርባ ምንጭ የመጡት ለዚሁ ቬሎ ነበር። ልጃቸው የምትዳረው ነገ ነው፤ የሚመልሳቸው አውሮፕላን ደግሞ ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ይነሣል። ይህን ሁሉ ዋጋ ሲከራከሩ ለጁነዲን ነግረውታል።

«አንተ፣ ሴትዮዋ ቦሌ አይደል የሚሄዱት?» አለ ጓደኛው ካሳ። «ያ እኮ የኦልድ ኤርፖርት ታክሲ ነው።»

ጁነዲንም አውቋል። ሰፈሩ ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት ስለነበር ስሙ እንደዚያው ቀረ። ረዳቶቹ ሲቸኩሉ «ኦልድ» የምትለዋን ይውጧትና «ኤርፖርት» ብቻ ይላሉ። የአዲስ አበባ ሰው ይገባዋል፤ ለእንግዳ ግን ማን ይንገረው?

«ርካሽ ፈልገው የለ? ይሂዱ» አለ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሣ። ጁነዲን ሬዲዮኑን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ያ ነጭ ቬሎ ከዓይኑ አልጠፋ አለው። ሙሽራዋ ነገ ምን ልትለብስ ነው? «እኔስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ!» አለና ሞተሩን አስነሣ።

ደግነቱ ተክለ ሃይማኖት ጋ መንገዱ ተዘጋግቷል። ላዳዋን መሐል መንገድ ላይ ጥሎ፣ የጥሩምባውን ጩኸት ችላ ብሎ ሮጠና የሚኒባሱን መስኮት ደበደበ።

«እማማ፣ ይውረዱ! ይሄ ቦሌ አይሄድም!»

«ደግሞ እዚህ ድረስ ተከተልከኝ? አልፈልግም አልኩህ!»

ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። «ሼም የለህም እንዴ፣ ጋሼ?» አለ ረዳቱ። «የጫንኩትን ሰው ትነጥቀኛለህ?»

«ወላሂ እውነቴን ነው!»

መማሉ ነገሩን አባሰበት፤ እትዬ ሸዋርካብሽ ፊታቸውን አዞሩ። ጁነዲን ቸገረው። አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ ወደ ኋላ ጮኸ፦ «እናንተ ሰዎች፣ የምትሄዱበት ቦታ አውሮፕላን አለ?»

ከኋላ ወንበር አንድ ባለባርኔጣ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እዚያው ተወልጄ አረጀሁ፤ አውሮፕላን ሲያርፍ ያየሁት ግን በልጅነቴ ነው። ቦሌ ከሆነ የሚሄዱት ይውረዱ፣ እመቤት።»

«ወይኔ ልጄን!» ብለው ተነሡ እትዬ ሸዋርካብሽ።

ላዳዋ ውስጥ ምርቃቱ አላባራ አለ። «አንተን የላከልኝ እግዜር ነው! ልጆችህ ይባረኩ! ክፉ አይንካህ!»

«አሜን» ይላል ጁነዲን፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። አፈረ። እግዜር ሳይልከው በፊት ሲሳሳቱ እያየ ዝም ማለቱን እሱና ካሳ ብቻ ያውቃሉ። ቦሌ ሲደርሱ ገና ጊዜ ነበራቸው፤ ቅድም የተከራከሩበትን ዋጋ ሳያንገራግሩ ከፍለው፣ አንዴ ደግሞ መርቀውት፣ ቬሎውን ከፍ አድርገው ይዘው ገቡ።

ጭድ ተራ ሲመለስ ረዳቱ ቦታው ላይ ቆሟል። ጁነዲን ከላዳዋ ወርዶ በሩን ተደገፈ።

«ኤርፖርት!» አለ ረዳቱ።

«ኦልድ!» አለ ጁነዲን፣ ከእሱ በላይ ጮኾ።

ረዳቱ ዞር አለ። «ጋሼ፣ ገበያዬን አትዝጋብኝ እንጂ!»

«የዋጥካትን ነው የምጠራልህ።»

«ኤርፖርት! ኤርፖርት!»

«ኦልድ! ኦልድ!»