በረንዳ ላይ የተሰቀለ አድራሻ

የድረ ገጹን አድራሻ ጽፋ ስትጫነው ስክሪኑ ላይ በወርቃማ መብራት ያሸበረቀ ጎማ መሽከርከር ጀመረ። ዞሮ ዞሮ ቆመና "እንኳን ደስ አለዎት፤ የመጀመሪያ ውርርድዎ በነፃ ነው" የሚል ጽሑፍ አወጣ። አልሳቀችም፣ አልተናደደችምም። የስክሪኑን ፎቶ አንስታ አስቀመጠችና ሻይዋን ፉት አለች። ቀዝቅዟል።

ሥራዋ ይኸው ነው። በኢንተርኔት የሚናፈሱ ወሬዎችን እየተከታተለ እውነቱን ከውሸቱ የሚለይ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። የሰፈሩ ሰው "አጣሪዋ" ይላታል፤ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፣ በኋላ ስሟ ሆኖ ቀረ። ሥራውን የጀመረች ሰሞን ውሸት ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላ ነበር። አሁን በሕይወት ያለው ሰው ሞተ ሲባልም፣ የሞተው ታየ ሲባልም፣ ከሩዝ ውስጥ ጠጠር እንደሚለቅም ሰው ዝም ብላ ትለቅማለች።

የዛሬው ጠጠር የአንድ የምክር ቤት እጩ ነው። እጩው ትናንት በአንድ አዳራሽ ንግግር ሲያደርግ ከጀርባው ትልቅ ባነር ተሰቅሎ ነበር፤ ግርጌው ላይም የድረ ገጹ አድራሻ ተጽፏል። አድራሻውን የከፈተ ሁሉ ግን የሚያገኘው የቁማር ድርጅት ገጽ ነው። ሲነጋ "እጩው የቁማር ቤቱ ባለድርሻ ነው" ተባለ። ረፋድ ላይ ደግሞ ገጹን የከፈተ ሰው ስልክ ቁጥሩ በቀጥታ ለእጩው ይደርሰዋል የሚል ተጨመረበት። እጩው ወጣቱን ከቁማር አላቅቃለሁ እያለ የሚዞር ሰው ስለሆነ ወሬው ለአፍ ጣመ።

እሷ እጩውን አትወደውም። ድምጿንም አትሰጠውም። ያ ግን ከሥራው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ለእጩው ቃል አቀባይ ደወለች። ሰውየው ሳያስጨርሳት ይናገር ጀመር። የእጩው ትክክለኛ አድራሻ ሌላ እንደሆነ፣ ባነሩ ላይ ያለው የእነሱ ሆኖ እንደማያውቅ፣ ይህ የተቃዋሚ እጅ ያለበት ሴራ መሆኑን ነገራት። ባነሩን ማን አተመው ብላ ስትጠይቀው እያጣራን ነው አላት።

ስልኩን ዘግታ የባነሩን ፎቶ ማጉላት ጀመረች። እጩው ከስክሪኑ ወጣ፣ መፈክሩም ወጣ፣ ግርጌው ላይ ያለው ሰማያዊ ጥብጣብ ብቻ ቀረ። ነጭ ፊደላት፣ በግራ በኩል የክንፍ ምልክት፣ በቀኝ አድራሻው። እጇ ማውሱ ላይ እንዳለ ቆመ። ይህን ጥብጣብ ልብስ ባሰጣች ቁጥር ታየዋለች።

ቤቷ በረንዳ ላይ አቧራና ዝናብ እንዲከላከል የተሰቀለ አሮጌ ባነር አለ። ባለፈው ምርጫ የተሠራ የዚሁ እጩ ባነር ነው፤ ፊቱ ጠቁሮ ስለወጣ ማተሚያ ቤቱ ሌላ ሠርቶ፣ የተበላሸውን የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወሰደው። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ባሏ ነው። የሥራ ልማዱንም ታውቃለች። ደንበኛ ተመልሶ ሲመጣ አዲስ አይነድፍም። የድሮውን ፋይል ከፍቶ ከላይ ያለውን ፎቶና መፈክር ይለውጣል፤ የታችኛውን ጥብጣብ ግን ደንበኛው አንዴ አይቶ ስላጸደቀው አይነካውም።

ነገሩ ሁሉ ያለ ሴራ ቦታ ቦታውን ያዘ። አድራሻው ባለፈው ምርጫ በእርግጥ የእጩው ነበር። ምርጫው ሲያልፍ የአድራሻውን ዓመታዊ ክፍያ የሚያሳድስ ጠፋ፣ የቁማር ድርጅቱ ባዶ ሲያገኘው ወሰደው፣ ባሏ ደግሞ ሳያውቅ መልሶ አተመው።

የቢሯቸው አርታኢ በዕድሜ የገፋ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ የሚያንጠለጥል ሰው ነው። የነገረችውን አድምጦ ጨረሰና ራሱን ነቀነቀ።

"ግምት ነው" አላት። "የእጩው ሰዎች የኛ ሆኖ አያውቅም ብለዋል። የእነሱ እንደነበረ የሚያሳይ ነገር አምጪ።"

"የድሮ ገጾች የሚቀመጡበትን ሁሉ ፈልጌያለሁ ጋሼ። ባዶ ነው።"

"እንግዲያው ምንም የለንም።"

"አለ። ቤቴ ነው ያለው። ከሥሩ ልብስ አሰጣለሁ።"

በመነጽሩ አናት አያት። እየቀለደች እንዳልሆነ ሲገባው፣ ብርሃን ሳይጠፋ ፎቶውን እንድትልክለት ብቻ ነገራት። ባነሩ እንዴት ቤቷ እንደገባ አልጠየቀም፤ እሷም አልተናገረችም። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ይህን አሰበች። አልደነገጠችም። መደንገጥ እንዳለባት ግን ታውቅ ነበር።

ቤት ስትገባ አማቷ ሶፋው ላይ ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ይዘዋል።

"ነይ እስቲ ልጄ፣ ይቺን ጎማ አስቁሚልኝ። የምርጫው ሰውዬ ገንዘብ ሊሰጠኝ ነው መሰለኝ።"

"እሱ አይደለም እማዬ። ቁማር ነው።"

"ታዲያ ለምን እንኳን ደስ አለዎት ይለኛል?"

"ለሁሉም ነው የሚለው።"

"አንቺ ደግሞ" አሉ ስልኩን እያቀበሏት፣ "ደስ ያለኝን ነገር ሁሉ ውሸት ነው ትያለሽ።"

ገጹን ዘጋችላቸውና ወደ በረንዳው ወጣች። ባሏ ቀድሟት ገብቷል። ልብሱን ከገመዱ አውርዶ ሳፋ ውስጥ ከምሮ፣ የባነሩን ቀለበቶች አንድ በአንድ ከሽቦው እየፈታ ነበር። ግማሹ ተንጠልጥሏል።

"አየሽው መሰለኝ" አለ ዞር ሳይል።

"ጠዋት ነው ያየሁት።"

"ምነው አልደወልሽልኝ?"

"አንተስ?"

አንድ ቀለበት ፈታ። ከዚያ ነገራት። ቃል አቀባዩ ምሳ ሰዓት ላይ ደውሎለት ነበር። እንዳለውም ባሏ ዝም ካለ የዚህ ምርጫ የቀረው ኅትመት ሁሉ የእሱ ነው፤ ካወራ ግን ይህም የተቃዋሚ ሰው ነው ይባላል። አድራሻው መለወጡን ማንም እንዳልነገረው፣ እሱም እንዳልጠየቀ ሲናገር ድምፁ ጠፍጣፋ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ባለፈው ዓመት ሊዘጋ ተቃርቦ እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ፤ አላነሱትም።

"ምን ልትጽፊ ነው?"

"የሆነውን።"

"ወሬው እንደሁ ነገ በሌላ ወሬ ይተካል።"

"አውቃለሁ።"

የባነሩን ጫፍ ይዞ እንዲዘረጋላት ጠየቀችው። ያዘላት። ፀሐይዋ ከጎረቤት ሕንፃ ጀርባ ልትገባ ጥቂት ቀርቷታል። ጥብጣቡ፣ አድራሻው፣ ያለፈው ምርጫ ዓመተ ምሕረት፣ ከሁሉ በታች በቀኝ ጥግ ላይ ደግሞ የማተሚያ ቤቱ ስምና ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም በአንድ ፎቶ ገባ።

ባሏ ከትከሻዋ በላይ ስልኩን አየ።

"ጥጉን ቁረጪው" አለ። "አድራሻው ይታያል፣ ዓመተ ምሕረቱም ይታያል። የኛ ስልክ ለማን ምን ይጠቅማል?"

ጣቷን ጥጉ ላይ አድርጋ ሳበችው። ማተሚያ ቤቱ ጠፋ። ከማስረጃው ምንም አልጎደለም። ፎቶው እንዲያውም አማረበት። ቆም ብላ አየችው። በየቀኑ ፎቶ ሲመጣላት በመጀመሪያ የምትጠይቀው ከጠርዙ ውጭ ምን አለ ብላ ነው። አሁን ኀፍረትም ድፍረትም አልተሰማትም። በሌላ ክፍል ውስጥ ቧንቧ ክፍት መሆኑን እንደሚያውቅ ሰው ነበረች፤ ተነስታ እስክትዘጋው ድምፁ አይቆምም።

ጥጉን መልሳ አስገባችው።

"እንዲህ ተቆርጦ ቢመጣልኝ እኔ አላምነውም" አለች።

"አንቺን ማን ያጣራሻል?"

ለአርታኢው ሙሉውን ፎቶ አያያዘችና ከሥሩ ጻፈች፤ ከመላኳ በፊትም ለባሏ አነበበችለት።

"ያተመው የባለቤቴ ማተሚያ ቤት ነው። አዲሱንም እሱ ነው የሠራው፤ ከድሮው ፋይል ላይ ሳያስተውል። ይህ ጽሑፉ ውስጥ ይግባ፤ ጽሑፉን ግን ሌላ ሰው ይጻፈው።"

ባሏ የባነሩን ጫፍ አጥብቆ ያዘ። ከውስጥ የእናቱ ስልክ እንደገና ሙዚቃ ማሰማት ጀመረ፤ ጎማውን መልሰው አግኝተውታል።

"'ሳያስተውል' የሚለው ይቆይ" አለ በመጨረሻ።

"እውነት ነው፤ ይቆያል።"

ላከችው። አርታኢው ወዲያው "እሺ" ብሎ መለሰ። ስልኩን ኪሷ ከታ እርጥቡን ልብስ አየች። ባሏ አንዱን ቀለበት ወደ ሽቦው አስገብቶ ሌላኛውን ጫፍ አቀበላት።

"የባነሩ ጽሑፍ ወደየት ይሁን? ወደ ውስጥ ወይስ ወደ ውጭ?" አላት።

"እንደነበረው" አለችና ሽቦውን ማጥበቅ ጀመረች።