ላገዛ ጥርሱን ያወለቀ ቀን

ኑ፣ ግቡ፤ በሩን ገርበብ አድርጉትና ጠጋ ጠጋ በሉ። አግዳሚው ቢጠብ የበግ አጎዛው ላይ ቦታ አለ። የቸኮለ ካለም ትንሽ ይታገሠኝ፤ የምነግራችሁ በባለቤቴ በቶርጋይ ሙት ዓመት የሆነውን ነው፣ የሙት ነገር ደግሞ በጥድፊያ አይወራም።

ቶርጋይ ዕድሜውን ሙሉ በግ ሲነዳ የኖረ ሰው ነበር። ሙቀት ሲገባ ወደ ተራራው፣ ብርድ ሲመጣ ወደ ሜዳው። በኋላ ግን ቀኝ ጉልበቱ ከዳው፤ ከቤት እስከ ውኃ ጉድጓዱ እንኳ ያለ በትር አይሄድም ነበር። ፈረስ ላይ ሲወጣ ነው ተመልሶ ጎረምሳ የሚሆነው።

እኛ ቤት ሰው በሞተ በዓመቱ የሟቹ ፈረስ ተጭኖ ግቢ ይቆማል። ኮርቻው ላይ ካባውና አለንጋው ይደረጋል። የቤቱ ትልቅ ሰው የገብስ ቢራ በዋንጫ ይዞ ከፈረሱ ፊት ይቆምና ፈረሱን ለሟቹ ይሰጣል፤ በቃል፣ በገዛ ቋንቋችን በባትስኛ። ከዚያ ቢራው ጋማው ላይ ይፈስሳል፣ ጋላቢዎችም ለሟቹ ክብር እየጋለቡ ይወጣሉ። ቃሉ ከተሰበረ ሟቹ አይሰማም። ካልሰማ ደግሞ ፈረሱን አያገኝም፤ እስከ ሙታን አገር ያለውን ያንን ሁሉ ተራራ በእግሩ ነው የሚሄደው። እኔ ቶርጋይን በዚያ ጉልበት በእግሩ ልሰደው? ዓመቱን ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

ቃሉን አሟልቶ የሚያውቀው ታላቅ ወንድሙ ላገዛ ብቻ ነው። እኔ ሰምቼዋለሁ እንጂ ብሎ ማውጣት አልችልበትም። ቋንቋችን አስቸጋሪ ነዋ! ጠ እና ቀ ሲባል እንደሚፈነዳው ያለ ብዙ ድምፅ አለን። ከጉሮሮ ሥር ተጨምቆ የሚወጣም አለ። ምላስ ከላንቃ ተጣብቆ ትንፋሹ በጎን የሚሾልክበትም አለ፤ እሱን ጎረቤቶቻችን ጆርጂያውያን የላቸውም። የቃሉ መጨረሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንፋሽ ብቻ ነው። የለመደ ጆሮ ይሰማዋል፤ ያልለመደ ሰውዬው ደከመው ይላል።

ላገዛ ጥርስ ካጣ ቆይቷል፤ ቃሉን ግን አሳምሮ ይለው ነበር፣ ምላሱ ከድዱ ጋር ተስማምቶ። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ልጁ ኢሜዳና ምራቱ ናርጊዛ ቴላቪ ከተማ ወስደው ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠሩለት። ለክፋት አይደለም። ናርጊዛ የቴላቪ ልጅ ናት፣ ዘመዶቿ ሊመጡ ነው። በሠርጓ ቀን አባቷ ቫሊኮ የእኛን ጨዋታ ሰምቶ «እነዚህ ሰዎች ያወራሉ ወይስ ይጉመጠመጣሉ?» ብሎ ድንኳኑን በሳቅ ሞልቶት ነበር። ያ ሳቅ ከሆዷ አልወጣም። ደግሞ እንዲሳቅባት አልፈለገችም።

ሐኪሙ ጥርሱን ገጥሞ «እስቲ ይናገሩ፣ አባት» አለው። ላገዛ ስሙን ተናገረ፣ ዳቦ አለ፣ ወይን አለ፣ ቁጥር ቆጠረ፤ ሁሉም በጆርጂያኛ። ሐኪሙም ወዲህ ፋቅ፣ ወዲያ ሞረድ አድርጎ አስተካከለለት። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። የገዛ ቋንቋችንን በዚያ ጥርስ እንሞክረው ብሎ ያሰበ ግን ማንም የለም። እኛ እንዲህ ነን፤ ሐኪም ቤትም ሆነ መሥሪያ ቤት ስንገባ ቋንቋችንን እንደ ጭቃ ጫማ ከደጅ አውልቀን ነው።

ነገሩ የታወቀን ቢራው ሲፈላ ነው። ላገዛ ከመዳቡ ድስት አጠገብ ቆሞ ቃሉን ሊለማመድ ጀመረ። የመጀመሪያውን ቃል ፈነዳ ሲያደርገው የላይኛው ጥርስ ተፈናጥሮ ከድስቱ አፋፍ ላይ አረፈ።

«ገና ሳይጠመቅ ሊጠጣ!» አልኩት። ሳቅን፣ ምን እናድርግ።

አጥቦ መለሰው። በጎን የሚሾልከውን ድምፅ ሲል ምራቅና ፉጨት ወጣ። የመጨረሻውን ትንፋሽ ሊል ሲል ጥርሱ ቀድሞ ገጭ ብሎ ተዘጋ። ያን ጊዜ ሳቃችን ቆመ።

«ዳሮ» አለኝ፣ «ይኼ ጥርስ እኛን አያውቀንም።»

ናርጊዛ ከማጀት ወጣች። «አባባ፣ ታዲያ በጆርጂያኛ ይበሉታ! እግዜር ጆርጂያኛ አይሰማም?»

«እግዜርማ ይሰማል፣ ልጄ። እኔ ግን ወንድሜን በጆርጂያኛ ጠርቼው አላውቅም። ማነው ይኼ ሰውዬ ይለኛል።»

«እሺ በምንም ይበሉት። ብቻ ጥርስዎን እንዳያወልቁ። ስለ እናትዎ! አባቴ ይመጣል፣ እህቶቼ ስልካቸውን ደግነው ይቆማሉ። እኔንም ያስቡኝ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ላገዛ የሴት እንባ አንጀቱ አይችልም፤ አላወልቅም ብሎ ቃል ገባላት። ሳምንቱን ሙሉ ከበረቱ ጀርባ እየሄደ ሲታገል ሰማሁት። በጎቹ ሳይቀሩ ማመስኳታቸውን ትተው ያዩት ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ግቢው ሞላ። ግራጫው ፈረስ ካባውን ተሸክሞ ቆመ። ቫሊኮ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከፊት ነው፤ እህትማማቾቹ ከኋላው። የእኛ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ግድግዳውን ይዘዋል። ላገዛ ዋንጫውን አነሣ። ፊቱ በጥርሱ ሞላ ብሎ፣ እውነት ለመናገር፣ አምሮበት ነበር።

የመጀመሪያውን ቃል ጀመረ። ጥርሱ ተንገጫገጨ። በከንፈሩ ያዝ አደረገና ደገመው፤ ፉጨት ወጣ። ከኋላ አንዷ «ውይ!» ብላ አፏን ያዘች። ሳቁ እንደ ተልባ እሳት ከወዲያ ወዲህ ተንጣጣ። ናርጊዛ አንገቷን ደፋች።

ቫሊኮ ክፉ ሰው አይደለም። ቀረብ ብሎ ትከሻውን ያዘውና፣ «ላገዛ ወንድሜ፣ ለምን ትሠቃያለህ? በጆርጂያኛ በለውና ሁላችንም እንስማው። ይኼ ጉሮሮ ማጽዳት ለማን ይጠቅማል?» አለው።

ላገዛ ወደ እኔ ዞረ። ሟቹ የእኔ ነውና ፍርዱም የእኔ ነበር። ምራቱን ላሳፍር ወይስ ባሌን? ናርጊዛን እወዳታለሁ፣ እስከ ዛሬም እወዳታለሁ።

«ላገዛ» አልኩት በገዛ ቋንቋችን፣ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «ጉልበቱን አስብ!»

ዋንጫውን አስያዘኝ። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ፤ የላይኛውን አወለቀ፣ የታችኛውን አወለቀ። የቫሊኮን እጅ ስቦ ጥርሶቹን መዳፉ ላይ አስቀመጠለትና፣ በዚያ በተሰበሰበ አፉ፣ «እንካ፣ ያዝልኝ። ያንተን ቋንቋ የሚችሉት እነሱ ናቸው፤ እኔ የራሴን ልናገር» አለው።

ዋንጫውን ተቀብሎ ወደ ፈረሱ ዞረ።

ጉንጩ ጎድጉዷል፣ አገጩ ወደ አፍንጫው ተጠግቷል፤ ቁመቱ ግን የረዘመ መሰለኝ። ቃሉን ጀመረ። የሚፈነዳው ድምፅ እንደ ደረቅ እንጨት ቷ ብሎ ወጣ። ከጉሮሮ የሚመጣው ከደረቱ ሥር ተነሥቶ መጣ፣ በጎን የሚሾልከውም እንደ ነፋስ በሣር መሐል ሾለከ። አንድም አልተሰበረም። የወንድሙን ስም ጠርቶ ፈረሱን ሰጠው፤ ካባውን ሰጠው፤ መንገዱንም ሰጠው። የመጨረሻው ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ፣ ትንፋሹ ብቻ ቀረ።

ቫሊኮ ያለቀ መስሎት «አሜን!» አለ።

«ዝም በል፣ ሰውዬ!» አለው ከግድግዳው ሥር አንድ ሽማግሌ። «ገና እየተናገረ ነው!»

እውነትም ገና ነበር። እኛ ሰማነው። ትንፋሹ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ያንኑ ትንፋሽ መለሱለት፣ እኔም መለስኩ። ቢራው ጋማው ላይ ፈሰሰ፤ ግራጫው አንገቱን ነቅንቆ ቫሊኮን ከነሙሉ ልብሱ ረጨው። ጋላቢዎቹ እየጮኹ ከበሩ ወጡ። እኔ ከዚያ ወዲህ ስለ ቶርጋይ ጉልበት ተጨንቄ አላውቅም።

ናርጊዛ ለሦስት ቀን አላነጋገረችንም። በአራተኛው ቀን ሾርባና ከአባቷ የተቀበለችውን ጥርስ ይዛ መጣችና፣ «አባባ፣ ቢያንስ ሥጋ ሲበሉ ያድርጉት» አለች። «ለሥጋ እሺ» አላት። ዛሬም ለሥጋ ያደርገዋል፣ ቴላቪ ሲሄድም ያደርገዋል። የእኛን ጨዋታ ስንጀምር ግን ማንንም ሳያስፈቅድ፣ እንግዳ ኖረም አልኖረም፣ አውልቆ ኪሱ ይከታል። የሳቀ ካለ ይሳቅ።

እናንተም ልጆቼ፣ ወደዚህ ወደ መንደራችን ወደ አልቫኒ ስትመጡ ከመንገዱ ዳር አንድ ሽማግሌ ትንፋሽ ያጠረው መስሎ ከታያችሁ፣ ቃሉን አትንጠቁት። ምናልባት እየተናገረ ይሆናል። ቆም ብላችሁ አስጨርሱት፤ ይህቺን ብቻ አስታውሱልኝ።